ቀድሞኝ የሄደው ጋዜጣ

ልብስ ማንበብ የተማርኩት ከፍርሃት ነው። ሰዎች እንዴት የአለባበስ ሐያሲ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የሚጠብቁት መልስ ሌላ ነው። በልጅነቴ አሻንጉሊት አለብስ የነበርኩ፣ ከመጽሔት ላይ የሙሽራ ቀሚስ እየቆረጥኩ የምሰበስብ ይመስላቸዋል። እኔ ባደግሁበት ጊዜ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ መጽሔት የሚባል ነገር አይታወቅም፤ አሻንጉሊትም አልነበረኝም። የነበረችኝ በሽተኛ እናት ነበረች።

ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴን ለሕክምና ብለው ደብረ ታቦር ወሰዷት። ትድናለች፣ ትመጣለች ተባልኩ። ልጅ ግን ሞኝ አይደለም፤ አዋቂዎች ሲንሾካሾኩ ይገባዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ከመኪና የሚወርዱትን ሴቶች ነጠላ ማየት ጀመርኩ። በኛ አገር ነጠላ ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን አንድ ዓይነት ነው፤ ለገበያ ሲሆን ሌላ። ሐዘን የደረሰባት ሴት ደግሞ ጥለቱን ገልብጣ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ታደርገዋለች። ጥለቱ ታች ከሆነ እተነፍሳለሁ። ጥለቱ ላይ ከሆነ ሴትየዋ አልፋኝ እስክትሄድ ከቆምኩበት አልነቃነቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወገዳ የምትኖረው የእናቴ እህት ከጭነት መኪና ላይ ወረደች። ፊቷን ለመለየት ገና ሩቅ ነበረች። ጥለቱ ግን ታየኝ። ሮጬ ቤት ገብቼ አልጋ ሥር ተደበቅሁ፤ ጎትተው እስኪያወጡኝም እዚያው ቆየሁ። ማንም ምንም ሳይነግረኝ አውቄ ነበር።

አክስቴ ወገዳ ወስዳ አሳደገችኝ። ከኔ በአራት ዓመት የሚያንስ አንድ ልጅ ነበራት፤ አንድ ገበታ ላይ በልተን፣ አንድ ጋቢ ለብሰን አደግን። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባት ስለነበር መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች ነበር የምታሳድገን። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት። እንደ እናት አንቺ እላታለሁ፤ ሌላው ሰው ሁሉ እርስዎ ይላታል።

አዲስ አበባ የገባሁት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነው። ሥራዬ በአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የሌላውን ሰው ጽሑፍ መተየብ ነበር። ዋና አዘጋጁ አንድ ቀን የመዝናኛው ገጽ ባዶ ሆኖበት ሲያብድ፣ እኔ ስለ ወንዶች ኮት የሆነ ነገር ጽፌ ሰጠሁት። ያኔ ሰው ኮት ሲገዛ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ሳይፈታ ነበር የሚለብሰው። ዳኛውም፣ ሙሽራውም፣ ሰባኪውም ምልክቱን እያሳየ ይሄዳል። "እባካችሁ ፍቱት፤ እሱ እኮ ለሱቁ ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ዋና አዘጋጁ የኮቱን ምልክት ፈትቶ መጣ፤ ገጹንም ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ስለ ልብስ ጻፍኩ። ሰው ይፈራኛል ይባል ነበር። ሠርግ ላይ ስገባ ሚዜዎቹ ክራባታቸውን ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። አንድ የፋሽን ትርኢት አዘጋጅ በሩ ላይ አስቁሞ መልሶኛል፤ የአንዲት ዘፋኝ ባል ደግሞ ቢሮ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬን በቡጢ መትቷል። የሚገርመው የምፈራው እኔ ነበርኩ። ጽሑፉ በወጣ ማለዳ ሁሉ ስልክ ሲጮኽ አላነሣም። ራሴ ግን ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ሹራብ ነበር የምለብሰው፤ ሌላውን የምትቀጣ ሴት ራሷ እንዳትታይ ብዬ ይሆናል። ጋዜጣ ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚሠጋው ለፖለቲካው ገጽ ነበር። እያንዳንዷ ቃል ሦስት ጊዜ ትታያለች። የኔን ገጽ ግን ማንም አያየውም፤ ልብስ ማንን ይጎዳል ይላሉ።

ጋዜጣው በወጣ ቁጥር አንድ ቅጂ ወደ አክስቴ ይሄዳል። አከፋፋዩ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጠዋል፤ ንፋስ መውጫ አንድ ባለ ሱቅ ዘመዳችን ይቀበላል፤ እሱ ደግሞ ወደ ወገዳ በሚሄድ በተገኘው መኪና ይልከዋል። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጀመሪያ ሥዕሉን ደህና አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ ጎረቤቷ ካሉት መሪጌታ ዘንድ ወስዳ ታስነብባለች። ተነቦ ሲያልቅ የኔን ገጽ ለይታ በዱቄት ሙጫ ግድግዳዋ ላይ ትለጥፋለች። በየዓመቱ ክረምት ጥየቃ ስሄድ ቤቱ ይበልጥ በኔ ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ከበሩ ጀምሮ እስከ ምድጃው ድረስ ኮት፣ ሻሽ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ። መሪጌታ ሲያገኙኝ "የሴቱን ተረከዝ እንዲያ መሳደብሽ ግን አልበዛም?" ይሉኛል።

ልጇ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። በኅዳር ወር ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። እንዴት እንደሆነ መተረክ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ለእናትየዋ መርዶው መቼ ይነገር የሚለው ተነሣ። በኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲሁ አይወረወርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ሳይኖር ለእናት አይነገርም። አክስቴ ብቻዋን ናት፤ ጤፏም ገና አልተወቃም። ስለዚህ እህሉ ከአውድማ እስኪገባ ድረስ እንዲቆይ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚውለው እሑድ ማለዳ መሪጌታ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ይዘው እንዲነግሯት ተወሰነ። የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ እያንዳንዳችንን በዓይኑ እየቆጠረ "እስከዚያ ድረስ ይህን ወሬ ያሾለከ ከእኛ ዘር አይቆጠር፤ ሬሳዬንም እንዳያይ" አለ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። አጎቴ የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነው።

የልጁ ጓደኞች ለለቅሶው ካናቴራ አሳትመው ነበር። ጥቁር ካናቴራ፣ ደረቱ ላይ የሱ ፎቶ፣ ሥሩ "አንረሳህም" ይላል። ያኔ ነገሩ ገና እየተለመደ ነበር። እነዚያን ሃያ ካናቴራዎች ሳይ ደሜ ፈላ። ሐዘኔን ምን ላድርገው፤ ወደ ቁጣ ተለወጠና ሥራ ላይ አዋልኩት። አርባው እንኳ ሳይወጣ ስለ ካናቴራው ጻፍኩ። የሞተን ሰው ፊት ለብሶ ምሳ መብላት፣ ታክሲ መጋፋት፣ ላብ ማስጠጣት ምን ማለት ነው አልኩ። ስም አልጠቀስኩም። ለፎቶ አንሺው ለቀስተኞቹን ከጀርባ ብቻ እንዲያነሣ ነገርኩት። ሟቹ ወንድሜ መሆኑን ግን ለማንም ቢሮ ውስጥ አልተነፈስኩም። ኩራት ነው። ሲያለቅሱልኝ ማየት አልፈለግሁም።

ጋዜጣው የወጣው ከመርዶው እሑድ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ ገጼን ስገልጥ ሟቹ ወንድሜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ገጹን የሚያቀናብረው ባልደረባዬ የጀርባው ፎቶ ደብዝዞበት፣ ፎቶ አንሺው ሳልነግረው ከፊት ካነሣቸው የተሻለውን መርጦ አስገብቷል። የካናቴራ ደረት፣ ገጹን እኩሌታ የሞላ። ፊቱ በደንብ ታትሟል፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ትታያለች። ዙሪያውን ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረታቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ይህን ለመረዳት ፊደል አያስፈልግም።

"ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደውስ?" አልኩት አከፋፋዩን።

"እንደ ወትሮው ነዋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለረዳቱ ሰጠሁት።"

የራሴን ቅጂ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስልክ ልደውል አሰብኩ። ወገዳ ያኔ አንድ የቴሌ ቢሮ ብቻ ነበረች፤ ሰው የሚጠራው በመልእክተኛ ነው። ከአዲስ አበባ ስልክ መጣልዎ ተብላ የተጠራች እናት መንገድ ላይ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ለባለ ሱቁ ዘመዳችን ደወልኩ፤ አያነሣም። እሑድ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጋዜጣው በአንድ ቀን ይቀድመኛል። ተስፋዬ የመንገዱ ክፋት ነበር፤ ወደ ወገዳ መኪና የሚገኘው ሲገኝ ነው፤ ምናልባት ሱቁ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀኛል። የመኪናችን ጎማ በፈነዳ ቁጥር ጋዜጣውን የያዘው መኪናም እንዲፈነዳበት ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

በወልድያ በኩል ዞረን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ንፋስ መውጫ ደረስን። ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

"ዛሬ ጠዋት እኮ ላክሁት" አለ ዘመዳችን ደስ ብሎት። "አይሱዙ ተገኘና። አላነበብሁትም፤ እንደታጠፈ ነው የሰጠሁት።"

ሱቁ ጓዳ ገብቼ ጥቁሩን ልብሴን አወለቅሁ። ሐዘን ለብሼ አክስቴ ቤት መግባት አልችልም። ከዘመዳችን ሚስት ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስና ቢጫ ሻሽ ተዋስኩ። ያን የመሰለ አለባበስ ሌላ ሴት ላይ ባየው ኖሮ ሙሉ ገጽ እጽፍበት ነበር። ማክሰኞ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ፣ አቧራ ለብሼ ወገዳ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ አንድ ውሸት እለማመድ ነበር። ልጄ ደህና ነው ወይ ስትለኝ የምመልሰውን። "ደህና ነው እትዬ፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ሰላም በይልኝ ብሏል።" ከንፈሬ ሳይንቀጠቀጥ ማለት እስክችል ድረስ ደጋገምኩት።

አክስቴ በር ላይ ነበረች። ነጠላዋ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ጥለቱ ታች። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፣ ደጋግማ ሳመችኝ።

"ምነው ያለ ጊዜሽ?"

"ፈቃድ ሰጡኝ፤ ናፈቅሽኝ።"

"ቀዩ ያምርብሻል" አለች። "ግቢ፣ ደክሞሻል።"

ስገባ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር። በሩ አጠገብ፣ አዲሱ በሚለጠፍበት ቦታ ያለው ያለፈው ሳምንት ጽሑፌ ነው። ከሱ ወዲህ ምንም የለም። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። እግሬን አጠበችኝ፤ እምቢ ብልም አጠበችኝ። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሆዴ፣ ስለ ቤት ኪራዬ ጠየቀችኝ። ስለ ልጇ አልጠየቀችኝም። እኔም በልቤ እግዜር አወጣኝ አልኩ። ያን ያህል የተለማመድኩት ውሸት አፌ ውስጥ ቀረ።

ጤፉ ተወቅቶ ጎታ ገብቷል። ገና አንድ ሳምንት ይፈጃል የተባለው ነበር። እንዴት ቶሎ አለቀ ስላት "ትናንትና ዛሬ ሰው ለምኜ አስወቃሁት፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ምን ያደርጋል" አለች። የቤቱ ወለል ተለቅልቆ ገና አልደረቀም። ከግቢው ጥግ እንጨት ተፈልጦ ተከምሯል። ጎበዝ ሴት ናት፣ ሁሌም እንዲህ ናት ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ ማለዳ መሪጌታ ዘንድ ሮጥኩ። ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር፤ እስኪጨርሱ በር ላይ ቆምኩ።

"መሪጌታ፣ የዚህን ሳምንት ጋዜጣ አነበቡላት?"

"የለም ልጄ። መንገድ ላይ ቀርቷል መሰል፤ ትናንት ሳታመጣልኝ ስትቀር ጠይቄያት አልደረሰም ብላኛለች።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሑድ ከቅዳሴ በፊት ነው። ያንተ ያለህ፣ እንዴት አድርጌ አፌን እንደምከፍት አላውቅም። አንቺ እስከዚያ ድረስ ፊትሽን ጠብቂ።"

መንገድ ላይ ቀርቷል። እጃቸውን ስሜ እየተፍለቀለቅሁ ወጣሁ። የወንድሜን ሞት የረሳሁ እስኪመስል ድረስ ደስ አለኝ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ አለኝ። ከአጎቴ እርግማን ዳንኩ፤ እትዬም ልጇን ከኔ ጋዜጣ ላይ ሞቶ አላየችውም። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ አብረን ጎመን ቀነጠስን፣ በርበሬ ለቀምን። የድሮ ነገር አንሥታ አሳቀችኝ። አንዳንዴ ቀና ስል ስታየኝ አገኛታለሁ፤ ዓይኗን አትሰብርም። እሑድን እያሰብኩ ዓይኔን ወደ በርበሬው እመልሳለሁ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቤት ልጥረግ ብዬ ተነሣሁ። ከጎታው ኋላ፣ ሰው በማይደርስበት ጨለምለም ያለ ጥግ አጎንብሼ ስጠርግ አዲስ ወረቀት ግድግዳው ላይ አየሁ። ሙጫው ገና ነጭ ነው። የኳስ ውጤትና የጎማ ማስታወቂያ። እትዬ የኳስ ገጽ ለጥፋ አታውቅም።

ያን ማስታወቂያ አውቀዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳገላብጠው የነበረ ነው። የኔ ገጽ ጀርባ ነው።

ፊቱን ወደ ጭቃው አድርጋ ለጥፋዋለች። አልቀደደችውም፤ አላቃጠለችውም። መዳፌን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ሰኞ ደርሷታል ማለት ነው። ሰኞ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሥዕሉን ደህና አድርጋ አይታለች። ከዚያ ተነሥታ ሰው ለምና ጤፉን አስወቃች፤ ቤቱን ለቀለቀች፤ ለለቀስተኛ የሚነድ እንጨት አስፈለጠች። ማክሰኞ ቀይ ለብሼ ስመጣ ያምርብሻል አለችኝ። ልጄ ደህና ነው ብላ ያልጠየቀችኝ እንዳልዋሽ ብላ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ጥለቷን ታች አድርጋ ስትወጣ ስትገባ እያየሁ፣ ሰው የሚፈራኝ የልብስ አዋቂ፣ ምንም አላየሁም።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች፤ እንስራው ገና ከጀርባዋ አልወረደም። እጄ ግድግዳው ላይ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁት ጊዜ የለም፤ ብትረግመኝ፣ ብትጮህ፣ ውጪልኝ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ።

"እዚያ ንፋስ ይገባ ነበር" አለች። "ቀዳዳ ደፈንኩበት።"

እንስራዋን አውርዳ ወደ ምድጃው ሄደች። እኔም መጥረጊያውን አንሥቼ ጠረግሁ። 

እሑድ ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እሷም ከኔ አጠገብ መደቡ ላይ ነቅታ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። በሩ ተንኳኳ። ወዲያው አልተነሣችም። ሁለተኛ እስኪያንኳኩ ጠበቀች።

"ማነው? ምነው በደህና?" አለች፤ ምንም በማያውቅ ሰው ድምፅ።

መሪጌታ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ኋላቸው ገቡ። ከአዲስ አበባ መጥተው ተሸሽገው ጎረቤት ያደሩት አጎቴና ሌሎች ዘመዶች ደጃፉን ሞሉት። መሪጌታ ስለ ኢዮብ ጀመሩ፤ ሰጪውም ነሺውም እሱ ነው አሉ፤ ከዚያ የልጁን ስም ብቻ ጠሩ።

እትዬ ጮኸች። ያ ጩኸት የውሸት አልነበረም፤ ከሰኞ ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ነው። ሴቶቹ እጆቿን ያዙ፤ ደረቷን እንዳትመታ ታገሏት። አጎቴ አቅፏት ሲያለቅስ "እንኳን ከኛ ሰማሽው፣ እንኳን ከሌላ ሰው አልሰማሽው" ይላል። ሄጄ አንገቷ ላይ ወደቅሁ። ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ እርጥብ ፊቷን ጆሮዬ ላይ አድርጋ በሁለት ጩኸት መካከል በዝግታ ተናገረች።

"ከጋዜጣው አይታው ነበር እንዳትዪያቸው። መንገድ ላይ ቀርቷል፤ በቃ።"

ከዚያ መልሳ ልጇን በስሙ እየጠራች ጮኸች። አጎቴ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ወደኔ ጎንበስ አለ።

"ምን አለችሽ?"

"ልጄን ነው ያለችው" አልኩት።